የፊት ጥርስ ኢምፕላንት ከማስገባታችሁ በፊት አጥንታችሁ በምን ይታይ?

የላይኛው የፊት ጥርሴ የሄደው ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ባጃጅ ተገልብጦ ነው። ነሐሴ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ። ባጃጁ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ አፌ ከፊት ካለው ብረት ጋር ተላተመ። ጥርሱ ድድ ውስጥ ገብቶ ስለተሰበረ በዚያው ሳምንት ተነቀለ። ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ ያህል የሚወልቅ ጥርስ እያደረግሁ ቆየሁ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ይላቀቅብኛል፣ ቆሎ ሲቀርብ እጄን እሰበስባለሁ።

ትንሽ ብር ስቋጥር ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ እንደ ብሎን ገብቶ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸከመውን፣ ላስገባ ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ፓኖራሚክ የሚባለውን ሰፊ ራጅ አነሳኝና «አጥንት ሞልቶሃል፣ ቁመቱ 17 ሚሊ ሜትር ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንሠራዋለን» አለኝ። ቀብድ ልከፍል ስል የአክስቴ ልጅ «ሌላ ሐኪም ሳያይህ ሳንቲም እንዳትሰጥ» ብላ ያዘችኝ። ሁለተኛዋ ዶክተር ራጁን ከማየቷ በፊት ድዴን ነው የነካችው። አውራ ጣቷን ከፊት፣ ሌባ ጣቷን ከላንቃ በኩል አድርጋ ቆንጠጥ አደረገችውና ትንሽ ዝም አለች። «ወንድሜ፣ ቁመት አለህ። ውፍረት ግን ያለህ አይመስለኝም» አለችኝ። ከዚያ ሲቢሲቲ የሚባለውን፣ አጥንቱን በሦስቱም አቅጣጫ የሚያሳየውን ራጅ ተነሳሁ። የአጥንቴ ጫፍ ውፍረት 3.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ሊገባልኝ የነበረው ብሎን ብቻውን 4 ሚሊ ሜትር ነበር።

እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ ስንት ሰው አማክሬያለሁ፣ አክስቴንና የአጎቴን ልጅም ይዤ ሄጃለሁ። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሃል ሜዳ ተነስታችሁ ለዚህ ነገር ገንዘብ የምታወጡ ሰዎች የቱ ምርመራ ለምን እንደሚሆን አውቃችሁ እንድትሄዱ ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

ዋናው ነገር ውፍረቱ ነው

መንዝ የሄደ ሰው የድንጋይ ካብ ያውቃል። መንገድ ላይ ቆማችሁ ፊት ለፊት ስታዩት ርዝመቱና ከፍታው ይታያችኋል። ባለ አንድ ረድፍ ይሁን ባለ ሁለት ረድፍ ግን አታውቁም፤ ጫፉ ጋ ሄዳችሁ በጎን ማየት አለባችሁ። ተራ ራጅ አጥንታችሁን የሚያየው እንደዚያ ፊት ለፊት ቆሞ ነው።

ለፊት ጥርስ ይህ ለምን እንደሚከፋ ዶክተሯ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። የላይኛው የፊት ጥርስ ሥር ብዙ ሰው ላይ ወደ ከንፈር በኩል ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው። ከፊቱ ያለው የአጥንት ግድግዳ በጣም ስስ ነው፣ አብዛኛው ሰው ላይ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ ስስ አጥንት ደግሞ የሚኖረው ለጥርሱ ብሎ ነው። ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የያዘው ስስ ጅማት ደም ያቀብለዋል። ጥርሱ ሲነቀል ጅማቱም አብሮ ይሄዳል፣ ግድግዳውም እየሟሸሸ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥርስ በተነቀለ 6 ወር ውስጥ የአጥንቱ ውፍረት በአማካይ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ቁመቱ ግን የሚቀንሰው 1 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው። ልብ በሉ፤ የሚጠፋው ውፍረቱ ነው፣ ፓኖራሚክ የሚያሳየው ደግሞ ቁመቱን ነው። የእኔ «17 ሚሊ ሜትር» ውሸት አልነበረም። የማይጠቅም እውነት ነበር።

ስንት ውፍረት ይበቃል ለምትሉ፦ ለፊት ጥርስ የሚገባው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 4 ገደማ ነው። ከፊቱ 1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አጥንት ቢኖረው ይመረጣል፣ ከኋላው ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ያህል። ስለዚህ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው የምትፈልጉት። ከጎን ካለው ጥርስ ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ከፊት ያለው አጥንት ሲሳሳ ድዱ ከጊዜ በኋላ ይሸሻል፣ ብረቱ ከሥር ግራጫ ሆኖ ይታያል። ለመንጋጋ ጥርስ ይሄ ተደብቆ ይቀራል። ለፊት ጥርስ ግን በሳቃችሁ ቁጥር ይታያል።

ከውፍረቱ ሌላ ቅርጹም አለ። ጣርማ በር ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ የቆማችሁበት ሜዳ ነው፣ አንድ እርምጃ ስታልፉ ግን ገደል። የላይኛው መንጋጋም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ድዱ ጋ ደህና የሚመስለው አጥንት ትንሽ ወደ አፍንጫ ከፍ ሲል ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ በተለይ ከመሃሎቹ ሁለት ጥርሶች ቀጥሎ ያለው ጥርስ አካባቢ። ቀጥ ብሎ የሚገባ መሰርሰሪያ እዚያ ጋ አጥንቱን በስቶ ይወጣል።

ጣት፣ መርፌና ትንሿ ራጅ

የጣት ምርመራ ምንም አያስከፍልም፣ ግን ብዙ ይናገራል። ጥሩ ሐኪም ድዱን ይዳብሳል፣ ስርጉድ ካለ ይፈልጋል፣ ስትስቁ ድዳችሁ ምን ያህል እንደሚታይም ያያል። ሳይነካችሁ፣ ሳቁልኝ እንኳ ሳይላችሁ በቀጥታ ስለ ዋጋ ካወራ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ይህን ስል በሙሉ ልቤ ነው። የጣት ችግሩ ድድ ማታለሉ ነው። ወፍራም ድድ ስስ አጥንት ይሸፍናል። በላንቃ በኩል ያለው ሥጋ ወፍራም ስለሆነ በእጅ ሲያዝ 7 ሚሊ ሜትር የመሰለው ውስጡ 4 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የመርፌ ልኬት የሚባለውም አለ። ድዱ ከደነዘዘ በኋላ ምልክት ያለበት ስል ነገር ሥጋውን አልፎ አጥንት እስኪነካ ይገባል። የሥጋው ውፍረት ይመዘገባል፣ ከዚያ ከአፋችሁ በተወሰደው ልክ በተሠራው የጀሶ ቅርጽ ላይ ሥጋው ተቀንሶ የአጥንቱ ስፋት ይሳላል። ለጥርስ የተሠራው ሲቢሲቲ ገበያ ላይ የመጣው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት ሐኪሞች በዚህ ብዙ ሠርተውበታል። ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም። ግን የሚነግራችሁ የተወጋውን ነጥብ ብቻ ነው። ከፍ ብሎ ያለውን ስርጉድ ሊያመልጠው ይችላል፣ አጥንቱ ውስጥ ያለውን ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። በመርፌ ብቻ የፊት ጥርስ እንሥራ ቢሉኝ እኔ አልስማማም።

ትንሿ ራጅ አፍ ውስጥ ገብታ ሁለት ሦስት ጥርስ የምታነሳው ናት። የጎን ጥርሶች ሥር ዘንበል ብሏል ወይ፣ የተሰበረ ሥር ቀርቷል ወይ፣ ኢንፌክሽን አለ ወይ ለሚለው ከእሷ የጠራ የለም። ውፍረት አታሳይም። ግን አትናቋት፤ ምርጫችሁ ኢምፕላንት ሳይሆን ብሪጅ ከሆነ፣ ማለትም የጎን ጥርሶችን ይዞ የሚታሰር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ እሷ በቂ ናት። ለብሪጅ ብላችሁ ሲቢሲቲ ልትነሱ አይገባም።

ፓኖራሚክ ወይስ ሲቢሲቲ

ብዙ ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ጭንቅላት ላይ ይዞራሉ፣ ሁለቱም አገጭ አስደግፈው ነው የሚያነሱት። ስለዚህ «ተነስቻለሁ እኮ» ይላል ሰው።

ፓኖራሚክ አፋችሁን በሙሉ በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ይዘረጋዋል። ስንት ጥርስ አለ፣ የተቀበረ ጥርስ አለ ወይ፣ የቀሩት ጥርሶች ዙሪያ አጥንቱ ወርዷል ወይ የሚለውን ለማየት ጥሩ መነሻ ነው። ግን ምስሉን ያጎላዋል፤ ማጉላቱ እንደ ማሽኑ ቢለያይም 20፣ 30 በመቶ ይደርሳል፣ ሁሉም ቦታ ላይ ደግሞ እኩል አይደለም። ከሁሉም የሚደበዝዘው የፊት ጥርሶች አካባቢ ነው። የአንገት አጥንት ጥላ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ሰውዬው ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ከቆመ ደግሞ የፊት ጥርሶቹ ይቀጥናሉ ወይም ይሰፋሉ። ማለትም ፓኖራሚክ ደካማ የሚሆነው እኛ በጣም በምንፈልገው ቦታ ላይ ነው።

ሲቢሲቲ ሌላ ነገር ነው። የእኔን ልንገራችሁ። ዶክተሯ ሽቦ በሌለው በሚወልቀው ጥርሴ ላይ፣ የጥርስ ሥር ለመሙላት ከሚጠቀሙበት ሮዝ ነገር ቁራጭ ለጠፈችበት፤ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። አዲሱ ጥርስ የሚቆምበትን ቦታ ምስሉ ላይ ለማወቅ ነው፤ አጥንቱ ያለበትና ጥርሱ ሊቆም የሚገባው ቦታ አንድ ላይሆን ይችላላ። ሌሊት 11 ሰዓት ሚኒባስ ይዤ ያንን 130 ኪሎ ሜትር ሄድኩና አዲስ አበባ ተነሳሁ። ከንፈሬ ከድዱ እንዲለይ ጥጥ ከሥሩ አስገቡልኝ፣ ድዱ ለብቻው እንዲታይ ይረዳል። ትንሽ ፕላስቲክ ነከስኩ። «ምራቅህን አትዋጥ፣ አትንቀሳቀስ» አለኝ ልጁ። ማሽኑ ዞረ፣ አለቀ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ስክሪኑ ላይ አጥንቴ እንደ ዳቦ ተቆራርጦ ታየኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ አጥንቱን በጎን ያሳያል። ድዱ ጋ ጠባብ፣ ትንሽ ከፍ ሲል ከፊት በኩል ሰርጎድ ያለ፣ አፍንጫ አጠገብ እንደገና ሰፊ። ዶክተሯ በማውሱ መስመር እየጎተተች ለካችው፦ 3.6፣ ከዚያ 3.2፣ ከላይ 8። የተለጠፈችው ነጭ ምልክት ከአጥንቱ ፊት ወጣ ብላ ቆማለች። የድሮው ጥርሴ የቆመበት ቦታ ላይ አሁን አጥንት የለም ማለት ነው። ይህን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው፣ ማንም ሊያሳምነኝ አላስፈለገውም።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ከሁለቱ የመሃል ጥርሶች ጀርባ፣ ላንቃ በኩል፣ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ሰፊ ነው፣ አጥንቱን ከኋላ ይሻማል። ከላይ ደግሞ የአፍንጫው ወለል አለ። እነዚህን ሁሉ ጠፍጣፋ ራጅ ላይ በግምት ነው የምታዩት።

ሲቢሲቲ ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። በጣም ስስ ግድግዳ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው፣ እያለ እንኳ ላይታይ ይችላል። አጠገቡ የብረት ክራውን፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ሽፋን፣ ካለ ነጭ መስመር እየረጨ ምስሉን ያበላሻል። ከተንቀሳቀሳችሁ ይደበዝዛል። አጥንቱ ጠንካራ ነው ወይስ ልል ለሚለውም ቁጥሩ ብዙ አይታመንም።

ጨረሩስ? አክስቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ይሄንን ነው። ከአፈር፣ ከአየር፣ ከሰማይ በየቀኑ የሚደርሰን የተፈጥሮ ጨረር አለ፣ የዓለም አማካዩ በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ይሆናል። ፓኖራሚክ ከዚያ የጥቂት ቀናቱን ያህላል። አንድ አካባቢ ብቻ የሚያነሳ ሲቢሲቲ እንደ ማሽኑ የቀናት ወይም የሳምንታት ያህል ነው። የሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወራት ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ጥርስ ለማየት «ሙሉ ጭንቅላት አንሱኝ» አትበሉ፣ ትንሹን ክልል ጠይቁ። እርጉዝ የሆነች ሴት ደግሞ አስቀድማ ትናገር፤ ኢምፕላንት ከወሊድ በኋላ ቢደርስ ችግር የለውም።

የሆስፒታል ሲቲ ስካን ለዚህ ብቻ ተብሎ መነሳት አይመከርም። ግን በአደጋ ምክንያት ፊታችሁን ሲቲ ተነስታችሁ ከነበረ ሲዲውን አትጣሉ፤ ለጥርስ ሐኪሙ አሳዩት፣ መንጋጋው በስስ ቁራጭ ተነስቶ ከሆነ ሌላ ጨረርና ሌላ ወጪ ሊያስቀርላችሁ ይችላል።

የእናንተ ጉዳይ የቱ ነው?

ጥርሱ ገና አፋችሁ ውስጥ ካለ ከሁሉም የተሻለ ዕድል ላይ ናችሁ። ተሰብሯል፣ ይነቀል ተብሏል እንበል። ኢምፕላንት የምታስቡ ከሆነ ሲቢሲቲውን ከመነቀሉ በፊት ተነሱ። የፊተኛው ግድግዳ አለ ወይ? ከሥሩ ጀርባና ከጫፉ በላይ ብሎኑን የሚጨብጥ አጥንት አለ ወይ? ሁለቱም ካሉና ኢንፌክሽን ከሌለ በነቀሉበት ቀን ማስገባት ይቻል ይሆናል። ግድግዳው ከተሰበረ ወይም ከተበላ ግን ቸኩሎ ከማስገባት ድዱ እስኪድን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ታግሶ ከአጥንት ማሟያ ጋር መሥራት ይሻላል። ቶሎ የማታስገቡ ከሆነ ደግሞ ሲነቀል ጉድጓዱን በአጥንት ማሟያ መሙላት ይቻላል፤ መሟሸሹን ፈጽሞ አያስቀረውም፣ ይቀንሰዋል። እኔ በዚያች ነሐሴ ይህን የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ቦታ ላይ ነበርኩ። ይቆጨኛል።

ጥርሱ ከወጣ ቆይቷል? እንግዲያው እንደ እኔ ናችሁ። ፓኖራሚክ ብቻ ይዞ ለሚቸኩል ሐኪም «ውፍረቱ ስንት ነው?» በሉት። ቁጥር ይንገራችሁ። «ይበቃል» ቁጥር አይደለም።

የታችኛው የፊት ጥርስ ከሆነ ነገሩ ይለያል። አክስቴ ሁለት የታች ጥርሶቿን ያጣችው በድድ በሽታ ነው። የታችኛው መንጋጋ ፊቱ ጠንካራ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፣ የጥርሶቹ ቦታም ጠባብ። አደጋው ያለው በምላስ በኩል ነው። እዚያ አጥንቱ ውስጥ የሚገቡ የደም ሥሮች አሉ። መሰርሰሪያው በዚያ በኩል በስቶ ከወጣ ደሙ ከምላስ ሥር ይጠራቀማል፣ ምላሱን ወደ ላይና ወደ ኋላ ገፍቶ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፣ ሲከሰት ግን ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ «የታች አጥንት ጠንካራ ነው፣ ራጅ አያስፈልግም» የሚላችሁን አትስሙ። አክስቴ ሲቢሲቲውን ካየች በኋላ ብሪጅ መረጠች። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ አጥንት አላስቆፍርም» አለች፣ ዶክተሯም «እማማ፣ ጥሩ ምርጫ ነው» አለቻት። እኔም አላከራከርኳትም፤ የጎኖቹ ጥርሶች ቀድሞውንም ክራውን የሚያስፈልጋቸው ነበሩ።

ልጅ ከሆነስ? የአጎቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት ነው ያለው፣ 15 ዓመቱ፣ ኳስ ሲጫወት ነው ጥርሱን ያጣው። አባቱ ኢምፕላንት ሊያስገባለት ነበር። መንጋጋ እያደገ እያለ ኢምፕላንት አይገባም። ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል፣ የጎን ጥርሶቹ ከአጥንቱ ጋር ሲወርዱ እሱ ባለበት ይቀራል፣ ከጊዜ በኋላ ከመስመሩ ከፍ ብሎ አጭር ጥርስ ይመስላል። ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ 20ዎቹ መጀመሪያ እስኪደርስ ይጠበቃል፣ ሴት ልጅ ትንሽ ቀደም ትላለች። ስለዚህ ለእሱ አሁን ሲቢሲቲ ማንሳት በከንቱ ጨረር ማስገባት ነው። የጎን ጥርሱ ጀርባ ላይ በማጣበቂያ የሚያዝ ቀላል ብሪጅ ተሠራለት፣ ጥርሱ አልተሞረደም።

ውፍረቱ ጎድሎ ከተገኘ ሦስት መንገድ አለ። አጥንት ማስጨመር፣ ቀጭን ብሎን መጠቀም፣ ወይም ኢምፕላንቱን ትቶ ብሪጅ። ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ ብሎኑና የአጥንት ማሟያው በአንድ ቀን ሊሠሩ ይችላሉ። የእኔ 3.2 ግን ለዚያ አይሆንም ተባለ፤ መጀመሪያ አጥንቱ፣ ከወራት በኋላ ብሎኑ። የጎን ጥርሶቼ ጤነኛ ስለሆኑ እነሱን አስሞርዶ ብሪጅ ማሰር ልቤ አልፈቀደም። ሲጋራ የምታጨሱ ወይም ስኳራችሁ ያልተስተካከለ ከሆነ ግን አጥንቱ የመያዝ ዕድሉ ስለሚቀንስ መጀመሪያ ያንን አስተካክሉ።

ከመንገድ ከመነሳታችሁ በፊት ለክሊኒኩ ደውሉ። ሲቢሲቲ ማሽን እናንተው ጋ አለ ወይስ ወደ ሌላ ትልካላችሁ? ትንሽ ክልል ታነሳላችሁ? ፋይሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ትሰጡኛላችሁ? በወረቀት የታተመ ምስል ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ፋይሉ ካለ ሌላ ሐኪም ከፍቶ ራሱ መለካት ይችላል። ወረቀት ላይ የሚለካው ሌላው የመረጠው ቁራጭ ብቻ ነው።

የእኔ አጥንት የተጨመረው ሚያዝያ ላይ ነው። አንድ ሳምንት ፊቴ አብጦ ነበር፣ ከዚያ ቀለለኝ። ሁለተኛውን ራጅ ጥቅምት ላይ እነሳለሁ። የመጀመሪያው ሲዲ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ላዩ ላይ በማርከር 3.6 እና 3.2 ብዬ ጽፌበታለሁ። ዶክተሯ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታ ልትለካልኝ ቀጠሮ ይዘናል።